ጉማሬ ሲያዛጋ ምን ይደረጋል? ለአማት ጉብኝት የተዘጋጀ የቤተሰብ የደህንነት ደንብ

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በሥራ ከተዛወርን ስምንት ወር ሆነን። አማቴ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከደብረ ብርሃን ሊመጡ ነው። ጎረቤቶቻቸው ‹ሀዋሳ ጉማሬው አስፋልት ላይ ይሄዳል፣ አሞራው ሕፃን ያነሣል› ስላሏቸው በየቀኑ እየደወሉ ያስጠነቅቁናል። የ12 ዓመት ልጃችን ደግሞ በስልክ ከሚያያቸው ቪዲዮዎች ከሻርክ፣ ከድብ፣ ሰው ከሚውጥ አሸዋ፣ ከሰማይ ከሚወድቅ ድንጋይ እንዴት እንደሚመለጥ በቃሉ ይዟል። መንገድ ሲሻገር ግን ግራና ቀኝ አያይም። የደህንነት ባለሙያ ነዎትና ማቀዝቀዣው በር ላይ የምለጥፈው አጭር ደንብ ይጻፉልኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጭር ደንብ ጠይቀውኝ ረጅም መልስ ስለምሰጥዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለ17 ዓመት በፋብሪካ ውስጥ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት አጭር ደንብ ለጥፌ የተከበረልኝ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ቡና ከ4 ሰዓት እስከ 4፡15» የሚለው ነበር። ደግሞም በጥያቄዎ መጨረሻ አካባቢ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር፣ ልጅዎ መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ አለማየቱ፣ እኔን ከሻርኩም ከድቡም ይልቅ አስደንግጣኛለች። ኋላ እመለስባታለሁ።

በእኛ ሙያ አደጋ አምጪ ነገር ሌላ፣ ስጋት ሌላ ነው። ጉማሬ አደጋ አምጪ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ስጋት አይደለም፤ ደረጃ አይወጣም፣ ቤት ኪራይም አይጨምርም። ስጋት የሚገኘው ነገሩ የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው፣ ከደረሰስ ምን ያህል ይጎዳል የሚሉትን ሁለቱን በማባዛት ነው። ሰው ግን ማባዛት አይወድም፤ የሚፈራው ሲወራ የሚጥመውን ነው። «አጎቴን ጉማሬ አሳደደው» ብሎ የጀመረ ሰው ቡናው እስኪቀዘቅዝ ይደመጣል። «አጎቴን እርጥብ ደረጃ አንሸራተተው» ያለ ግን ገና ሳይጨርስ ወሬውን ሌላ ሰው ይነጥቀዋል። የአማትዎ ጎረቤቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የልጅዎን ዝርዝር በፍጥነት ላራግፍ። በሀዋሳ ሐይቅ ሻርክ የለም። ሐይቁ ጨው አልባ ነው፤ ወደ ባሕር የሚፈስ መውጫ ወንዝም የለውም። ስለዚህ ሻርክ እዚህ መምጣት ቢያምረው ከጅቡቲ በአውቶቡስ መሳፈር ይኖርበታል፤ መናኸሪያ ላይ ደግሞ ይታያል። አዞም የለም፤ አዞ ማየት የፈለገ ጫሞ ሐይቅ፣ አርባ ምንጭ ይሂድ። ድብ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በዱር አይገኝም። ልጅዎ «ድብ ሲመጣ መሬት ላይ ተኝተህ የሞትክ ምሰል» የሚለውን ከያዘ ግን ሐይቁ ዳርቻ ላይ ከቶ እንዳይሞክረው ይንገሩልኝ። ምክንያቱን አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ጋ ስንደርስ ያዩታል።

ሰው የሚውጥ አሸዋ በእርግጥ አለ፤ ሙሉ ሰው ግን አይውጥም። በውሃ የራሰው አሸዋ ከሰው አካል እጥፍ ያህል ጥግግት ስላለው ሰውየው እስከ ወገቡ ገብቶ ይቆማል። መውጫው ወደ ኋላ ጋደም ብሎ እግርን ቀስ በቀስ ማነቃነቅ ነው። ይህንኑ ዘዴ ባለፈው ሐምሌ ኮብልስቶን ባልደረሰው የሰፈራችን መንገድ ላይ ሞክሬው እግሬ ወጥቷል። ጫማዬ ቀረ።

ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ለተከራይ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ አላባማ ውስጥ አን ሆጅስ የተባለች ሴት ሶፋዋ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ሳለ፣ አራት ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ከሕዋ መጥቶ ጣሪያውን በሳ፣ ራዲዮኑ ላይ ነጥሮ ጎኗን መታት። ጎኗ ክፉኛ ከመጥቆሩ በቀር ተረፈች። ቀጥሎ ማን የመጣባት ይመስልዎታል? አከራይዋ። ቤቱ የእኔ ስለሆነ ድንጋዩም የእኔ ነው ብላ ክርክር ገጠመቻት። ስለዚህ ከሰማይ ድንጋይ ለሚሰጋ ተከራይ የራስ ቁር አልመክርም፤ የኪራይ ውሉ ላይ «ከላይ የሚመጣ ማናቸውም ነገር የተከራይ ነው» የምትል አንዲት አንቀጽ ያስጨምር። የጣሪያ ፍሳሽ ግን በዚሁ አንቀጽ ወደ እርስዎ እንዳይዞር ቃላቱን ያስተውሉ።

መብረቅን ከዚህ ቀልድ ውስጥ አላስገባውም። ሮይ ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ የፓርክ ጠባቂ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1977 ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ በመብረቅ ተመትቶ ሰባቱንም ተርፏል፤ በዚህ ግን አይጽናኑ። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ለሦስት ሲያካፍሉት በኪሎ ሜትር ያለው ርቀት ይወጣል። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መናፈሻ እየተናፈሳችሁ ሰማዩ ቢያጉረመርም ከትልቁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ በጀልባ ላይም አትሁኑ። ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

እሳተ ገሞራን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለአማትዎ ግን ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለሱ በኋላ ይንገሯቸው። ሀዋሳ ራሷ የተቀመጠችው በጥንት ዘመን ፈንድቶ በሰመጠ የእሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ነው። በስተ ሰሜን ያለው ኮርቤቲ ደግሞ ዛሬም ሕያው ከሚባሉት ወገን ነው። ይህን ሳውቅ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በማግሥቱ ቢሮ ስደርስ ግን የእሳት ማጥፊያው የአገልግሎት ጊዜ ካለፈ ሁለት ዓመት እንደሆነው አየሁ፤ ተራራውን ትቼ ወደ እርሱ ዞርኩ።

አሁን ወደ ጉማሬው። ጉማሬ እውነተኛ ነገር ነው፤ ሐይቁ ውስጥ አለ፤ አማትዎም ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ አልፈልግም ቢሉም አይመኗቸው። ሙሉ ሰውነት ያለው ጉማሬ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በአጭር ርቀት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እርስዎ በጫማ፣ አማትዎ በነጠላና በተረከዝ ይህን ፍጥነት አትደርሱበትም። የሚገርመው ዋና አይችልም፤ በሐይቁ ወለል ላይ እየረገጠ ነው የሚሄደው። አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ይቆያል። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ማታ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። ሥጋ ምግቡ አይደለም፤ ሰው የሚጎዳው ስለራበው ሳይሆን መንገዱን ስለዘጉበት ነው። በዚህ በኩል ከከተማችን አሽከርካሪዎች ጋር አንድ ጠባይ አለው።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን። ከመሸ በኋላና ከመንጋቱ በፊት ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ አትሂዱ። በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነውና እናንተ በር ላይ እንደቆመ ሰው ትሆኑበታላችሁ። ጉማሬ ሲያዛጋ እንቅልፉ መጣ ብላችሁ አትዘኑለት። ያ ማዛጋት ሳይሆን ጥርስ ማሳየት ነው፤ «እስከዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ አትለፉ» ማለቱ ነው። የእኛ ሰው ግን ካሜራ የሚያወጣው ይህን ጊዜ ነው።

አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት እንግዶች ጋር በጀልባ ወጣን። ጠዋት ነበር፤ ጠዋት መውጣት ደግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል። ስድስት የሕይወት አድን ጃኬት ነበረን፤ አራቱን ሰዎቹ መቀመጫው እንዳይቆረቁራቸው ሥራቸው አነጠፏቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ትልቅ ሰው፣ የበላይ ኃላፊ፣ ከጉማሬው ጋር ራሱን ፎቶ ለማንሣት ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ብድግ አለ። ጀልባው ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ከሃያ ዓመት የማይበልጠው ቀዛፊ ድምፁን ሳይጨምር «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ እርሱ ከተነሣ እኛ አንቆምም» አለው። እኔ በ17 ዓመት ሥልጠና እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ የደህንነት ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም። ሰውየው ተቀመጠ፤ ጃኬቱንም ለበሰ። ቀዛፊ «በቃ፣ ከዚህ አልጠጋም» ሲልዎ «ትንሽ ጠጋ በል» ብለው ገንዘብ አይጨምሩለት። እርሱ የሚያየው ውሃውን ነው፤ እርስዎ የሚያዩት ስልክዎን ነው።

እዚያው ዳርቻ ላይ ግን ማንም ፎቶ የማያነሣት አንዲት ፍጡር አለች፤ ቀንድ አውጣ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ቄጠማው ላይ ተለጥፋ የምትውል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ የሚያድገው በእርሷ ውስጥ ነው፤ ከእርሷ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኝና በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ሲገባም ለአብዛኛው ሰው አይታወቅም። እስኪ ሐይቁ ዳር ቆመው ጎብኚውን ይታዘቡ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ሩቅ ያለውን ጉማሬ እያየ «እዚህ ጋ ደህና ነን አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። ከጉማሬው ደህና ነው። አማትዎ ሐይቁ ውስጥ ለበረከት እግራቸውን መንከር ካማራቸው በጀሪካን የተቀዳ የቧንቧ ውሃ ይዘውላቸው ይሂዱ፤ ሐይቁን እያዩ ይታጠቡ። ልጅዎ ከገባና ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየበት ለጤና ባለሙያው «ሐይቅ ገብቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ መድኃኒት አለው።

አባ ኮዳ። ስሙን ያገኘው አንገቱ ሥር ከተንጠለጠለው ኮዳ መሳይ ከረጢት ነው። ቁመቱ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ራሱ መላጣ፣ አቋሙ የጡረታ ደብተሩ የዘገየበት ሰው ዓይነት ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት አጠገብ ተሰልፎ አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃል። ሕፃን ያነሣል የተባለው ሐሰት ነው፤ እግሩ እንደ ንስር የሚጨብጥ ጥፍር የለውም፣ ሊያነሣ ቢፈልግም አይችልም። በነገራችን ላይ ያ ነጭ የሚመስለው እግሩ ነጭ አይደለም፤ ለማቀዝቀዝ ብሎ ራሱ ላይ እያራ የቀባው ነው። ይህን ምሳ ላይ አያንሡት። ደንቡ ሁለት ነው። አባ ኮዳ ያደረበት ዛፍ ሥር ነጠላ ለብሶ አለመቀመጥ፤ እርሱ ፊት የሞቱ መስሎ አለመተኛት። ጥንብ የሚበላ ወፍ ነው፤ እርስዎ ቀልድዎን እንደሆነ ለማወቅ ያለው ዘዴ መንቁሩ ብቻ ነው።

የበለጠ የማከብራት ባላጋራ ጦጣ ናት። ጉሬዛው እንኳ ምግባረ ሰናይ ነው፤ ቅጠሉን ይበላል፣ ከላይ ሆኖ ያያል። ጦጣ ግን የሰው ቦርሳ ታነባለች። በሙያችን አደጋን የመከላከያ አምስት ደረጃዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ማስወገድ፣ ቀጥሎ መተካት፣ ቀጥሎ በምሕንድስና መለየት፣ ቀጥሎ በአሠራር መቆጣጠር፣ ሁሉም ካልሆነ የግል መከላከያ ማልበስ። ባለፈው ፋሲካ ከቤተሰቤ ጋር ሽርሽር ስንሄድ አምስቱንም በተግባር ላይ አዋልኳቸው። ጦጣን ማስወገድ አይቻልም፤ ቤቷ ነው፤ እንግዳው እኔ ነኝ። ሙዙን በሎሚ ተካሁ። አንዱን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና መልሳ ወረወረችብን፤ እኛ ዘንድ ይህ «መከላከያው የወለደው አዲስ አደጋ» ይባላል፤ በራሪ ቁስ። ወደ ምሕንድስና ተሻገርኩና ሳምቡሳውን ዚፕ ባለው ቦርሳ ቆለፍኩ። ዚፕ ከእኔ በተሻለ ትከፍታለች። በአሠራር ለመቆጣጠር የሚስቴን ወንድም ዘብ አቆምኩት፤ ስልኩን እያየ ነበር። በመጨረሻ የግል መከላከያ፣ ባርኔጣዬን፣ ወሰደችው። ዛፉ ላይ ሆና ስታደርገው ከእኔ ይልቅ እንዳማረባት ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንዳልሆነ አረጋግጫለሁ። ትምህርቱ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር፤ መወገድ ያለበት ምግቡ ነው። ምግብ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለፎቶ ብላችሁም አታብሏት፤ ሌብነት ያስተማርናት እኛው ነን። ብትቧጭር ወይም ብትነክስ፣ ውሻም ቢነክስ ያው ነው፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ክትባቱ ግን አስቀድሞ ከተሰጠ ይከላከላል። ቁስል ላይ ቡና ወይም በርበሬ መነስነስ የሚመክር ዘመድ ካለ ቡናውን እንዲያፈላ አድርጉት፤ ከመንገዳችሁም ይወጣል።

ስለ ዓሣ አንድ አደጋ ልጨምር፤ ይህ ከጉማሬው የከፋ ነው። አማትዎ የሚመጡት በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ጥያቄ እርሳቸው ፊት አያንሡ። እርስዎ አንድ ነገር ይላሉ፣ እርሳቸው የነፍስ አባታቸውን ይጠቅሳሉ፣ ባለቤትዎ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ታንኳኳለች። አሞራ ገደል ለመሄድ ካሰቡ ከገና በኋላ ያድርጉት፤ ለአሁኑ ሽሮው ይበቃል።

አሁን ያስደነገጠችኝ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስን። በመላው ዓለም ሻርክ በዓመት የሚገድለው ሰው በአማካይ ከአሥር በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓመት የሚገድለው ሰው ደግሞ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልጅዎ ለአሥሩ ተዘጋጅቷል።

ላሳፍርዎ አልፈለግሁም፤ እኔም ከእርሱ አልሻልም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ከሥራ ወጥቼ አንጸባራቂ ሰደርያዬን እንደለበስኩ በእግሬ እሄዳለሁ። እህቴ «ለሁሉም ይድረስ» ብላ የላከችልኝ መልእክት ነበር፤ መርዛማ እባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቢገኝ የሚወሰዱ 12 እርምጃዎች። ሰባተኛው ላይ ስደርስ መሬቱ አልነበረም። ክዳኑ የተወሰደ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ እስከ ብብቴ ቆሜ ራሴን አገኘሁት፤ ስልኩ በእጄ፣ እጄ ወደ ላይ። አጠገቡ የተቀመጠው ሊስትሮ ብሩሹን አስቀምጦ እያወጣኝ «ጋሼ፣ ጉድጓዱ እኮ ትናንትም እዚሁ ነበር» አለኝ። ጫማዬን ጠርጎ ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ይኸኛው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግሥቱ ሳልፍ ጉድጓዱ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎበታል። በአገራችን ይህ ቅርንጫፍ የታወቀ የመንገድ ምልክት ነው፤ ትርጉሙም «እዚህ አንድ ሰው ገብቷል» ማለት ነው።

ለልጅዎ የሚሰጡት ደንብ ይህ ይሁን። መንገድ ዳር ሲደርስ ስልኩ ኪስ፣ የጆሮ ማዳመጫው አንገት ላይ። ቆሞ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ እንደገና ግራ ያያል፤ በአገራችን የቀኙን ይዘው ስለሚነዱ በመጀመሪያ የሚደርስበት ከግራ የሚመጣው ነው። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ይበዛል፤ ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ጆሮውን ብቻ አይመን። ባጃጅ ሲታጠፍ መብራት ያሳየኛል ብሎ አይጠብቅ። አንዳንዱ እጁን ያወጣል፣ አንዳንዱ እግሩን፣ አንዳንዱ ሐሳቡን በልቡ ይዞ ይታጠፋል። ባጃጅ ውስጥ ከአሽከርካሪው ጎን ጠርዝ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ባጃጁ ሦስት እግር ብቻ ስላለው ኩርባ ላይ አራተኛው እግር የሚሆነው እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው። ቦታ ከሌለ ሌላ ይመጣል።

ስለ አማትዎ ሦስት ነገሮች ቀሩኝ።

አንደኛው ስልክ ነው። «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው ይደውልላቸዋል። ሎተሪ ያልቆረጠ ሰው ሎተሪ አይወጣለትም፤ ባንክም የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም፤ ይህ ይነገራቸው። እኔ ግን ለዚህ ከእናቴ የተሻለ መከላከያ አላየሁም። የደወለላትን ሰው ሰላምታውን በደንብ ተቀብላ «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ስም ጠራ። «የየት አገር? አያትህስ ማን ይባላሉ?» ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርሱ ልጁ ስልኩን ዘጋው። እናቴ «ምስኪን፣ ዘር ማንዘሩን አያውቅም» ብላ አዘነችለት። ይህን አሠራር ለባንኮች ብጠቁም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ከሰል ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ አገር ማታ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የቆየ ልማድ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አያስፈልግም፤ ልማድ ግን ሙቀት አይለካም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ራስ ምታት ሲጀምራቸው «የቡና ሱሴ ነው» ይሉና በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሌላ ከሰል አቀጣጥለው ሌላ ጀበና ይጥዳሉ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም መስኮትና በር ተከፍቶ ይፈላ፤ እሳቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል አይግባ፤ አመድ የለበሰ ፍምም ያው እሳት ነው። ብርድ ከተሰማቸው ጋቢ ይደረብላቸው። ከከሰል ክፍል የወጣ ሰው ራሱን ካዞረው ወይም ካስመለሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሦስተኛው ትንኝ ናት። ስለ እርሷ ማንም ቪዲዮ አይልክም። አማትዎ ደገኛ ናቸው፤ ሀዋሳ ወባ አለ፤ የወባ ትንኝ የምትነክሰው በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው። አጎበር አልጋው ላይ ይሰቀል፤ የአጎበሩ ጠርዝ ፍራሹ ሥር ይታጠፍ። «ያፍነኛል» ይላሉ፤ «የሙሽራ ድንኳን ነው» ብለው ያግባቧቸው። ከሁሉ የሚረሳው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ወባ ከተነከሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። እርሳቸው ያኔ ደብረ ብርሃን ናቸው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው «ጉንፋን ነው» ብለው እንዳይተኙ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው «ሀዋሳ ነበርኩ» እንዲሉ ከመሳፈራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ይንገሯቸው።

እንግዲህ ወረቀቱ። ማቀዝቀዣው በር ላይ አይለጥፉት። አንድ ቦታ የተለጠፈ ጽሑፍ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል፤ ዓይን አያየውም፤ የእኛ ፋብሪካ ግድግዳ ለዚህ ምስክሬ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚለጠፈው እጅ በሚያርፍበት ቦታ፣ አደጋው አጠገብ ነው። «በር ክፈቱ» የሚለውን ከሰሉ ጆንያ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፉ፤ አማትዎ መነጽራቸውን አያደርጉም። «አጎበር» የሚለውን ትራሳቸው አጠገብ። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን የስልካቸው ጀርባ ላይ። «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» የሚለውን ልጅዎ ስልክ መክፈቻ ገጽ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ የበለጠ የሚያየው ነገር የለም። ለጉማሬው ግን ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ አላገኘሁለትም።